ለሚስቴ ያሳመርኩት ክፍል

ሚስቴ መምህርት ናት፣ እኔ ደግሞ ግንበኛ። ከተጋባን ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖናል። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉን በቤታችን ውስጥ ድምፅ የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። እሷ ጠዋት ወጥታ ድምጿን ሁሉ ትምህርት ቤት ጨርሳ፣ አመሻሽ ላይ ጉሮሮዋን በእጇ ይዛ ትመለሳለች። ስለዚህ የምንግባባው በምልክት ነበር። አንዴ ካጨበጨበች እራት ቀርቧል ማለት ነው። ሁለቴ ካጨበጨበች በሩን ዝጋው። ጠረጴዛውን በጣቷ ቆርቆር ካደረገች ደግሞ አጥፍቻለሁና ጥፋቴን ራሴ ፈልጌ ማግኘት አለብኝ። ብዙውን ጊዜ ፍለጋው ሩቅ አይወስደኝም።

የሥራ ባልደረቦቼ ይቀኑብኝ ነበር። «አንተስ ታድለሃል፣ የማትጨቀጭቅ ሚስት አለችህ» ይሉኛል። እኔም «ዝም አይነቅዝም» እያልኩ አብሬያቸው እስቃለሁ። ቤት ገብቼ ግን ብቻዬን ስለፈልፍ፣ እሷ ወንበሯን ተደግፋ በዓይኗ ብቻ ስትከተለኝ፣ ወሬዬን መሐል ላይ አቋርጥ ነበር። ሳጫት እኮ የወደድኩት ጨዋታዋን ነው። መልክማ ሰፈሩ ውስጥ ሞልቶ ነበር።

ያንን ድምፅ የበላው ማን ነው ከተባለ ጣቴን ወደ ራሴ መቀሰር አለብኝ። ትምህርት ቤቱ ከዛሬ ሃያ አምስት ዓመት በፊት ሲሠራ ዋናው ግንበኛ እኔ ነበርኩ። የብሎኬት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ መስኮት በአንድ በኩል ብቻ፣ ኮርኒስ የሚባል ነገር የለ። ያኔ ሰው ሁሉ እየመጣ አድንቆልኛል። ፀሐይ ሲበረታ ግን ቆርቆሮው ይግልና ከረፋዱ አምስት ሰዓት ጀምሮ የኋላ ረድፍ ልጆች ግንባራቸውን ዴስኩ ላይ ያሳርፋሉ። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጣሪያው ይንጫጫል፣ ከአስተማሪው አፍ የሚወጣውን አስተማሪውም አይሰማው። በዚህ የተነሳ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ማንም ያላወጣው ደንብ ነበር። የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮውን እንደነካ መምህሩ ጠመኔ ያነሳል፣ ልጆቹ እርሳስ ያነሳሉ፣ እስኪያባራ ድረስ ከሰሌዳ መገልበጥ ነው። ማንም አይናገርም፣ ማንም አይጠይቅም።

ሚስቴ ለዚህ ደንብ እጅ አልሰጥም ያለች ብቸኛዋ መምህርት ናት። «ልጅ የሚማረው ከሰው ነው እንጂ ከሰሌዳ አይደለም» ትላለች፣ ማለት ድምፅ በነበራት ጊዜ። ስልሳ ሁለት ልጅ ይዛ ከዝናብ ጋር እየተጯጯኸች ነው ጉሮሮዋን የጨረሰችው።

ባለፈው የትምህርት ዘመን ማብቂያ ላይ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ ጉሮሮዋን አይቶ ድምፅ በሚያወጣው ሥጋ ላይ ምስር የሚያካክሉ እብጠቶች እንዳሉ ነገረን። ካረፈች ይሟሽሻሉ። ከጮኸች ግን ድምጿ ሄዶ ይቀራል። ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱም ደብዳቤ መጣ። ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ የኋላው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሳትጮህ ከሰማት ማስተማሯን ትቀጥላለች፤ ካልሰማት ወደ መጻሕፍት ግምጃ ቤት ትዛወራለች። ሚስቴ ደብዳቤውን አጥፋ ከጀርባው ላይ በእርሳስ ጻፈችልኝ፦ «መጽሐፍ ተጠይቆ መልስ አይሰጥም፣ መልሶም አይጠይቅም።» ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ትከሻዋን ዳበስኩ።

በዚያው የዕረፍት ወራት ትምህርት ቤቱ አራት አዲስ ክፍሎች ሊያሠራ ሆነ። ርዕሰ መምህሩ አስጠሩኝና ሰፊ ባርኔጣ ካደረገች ልጅ እግር ሴት ጋር አስተዋወቁኝ። ኢንጂነሯ ናት። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች።

«በምንድን ነው የምንሠራው?» አልኳት።

«በአፈር፣ ጋሼ። እዚሁ ግቢ ተቆፍሮ በሚወጣው።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ለካ የምሯን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። አባቴ ጭቃ መራጊ ነበር። ልጅነቴን ሙሉ እግሬ ከጭቃ አልወጣም። ጭቃ ሳቦካ አድጌ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ሲሚንቶ የሚባል ነገር አግኝቼ ነው ያመለጥኩት። ከተማው ውስጥ «ጋሽ ሲሚንቶ» የሚሉኝ በከንቱ አይደለም። አሁን በስተርጅና አንዲት ባለ ባርኔጣ መጥታ ታጥቦ ጭቃ ልታደርገኝ ነው። ርዕሰ መምህሩን አልችልም ብያቸው ቤቴ ሄድኩ። ሚስቴ ነገሩን ከሰማች በኋላ ወረቀት ፈልጋ «ያዘው» ብላ ጻፈችና ሁለቴ አሰመረችበት። እንግዲህ ሁለቴ ከተሰመረበት በኋላ ይግባኝ የለም።

ሥራው ተጀመረ። አፈሩን በወንፊት ነፍተን፣ ጥቂት ኖራ ቀላቅለን፣ በእጅ በሚጫን ማሽን ብሎኬት አወጣንለት። አይቃጠል፣ አይተኮስ፣ በጥላ ውስጥ ደርድሮ ማድረቅ ብቻ ነው። ከሩቅ አገር ብሎኬት ጭኖ የሚመላለስ መኪና አልነበረም፤ አቧራውም ጩኸቱም ቀረልን። ኢንጂነሯ ሕንፃውን ስታስቀምጠው ጠባቡን ጎን ለፀሐይ መውጫና መግቢያ ሰጠችው፣ ረጅሙን ከፀሐይ አተረፈችው። የጣሪያውን ክፈፍ ከግድግዳው አንድ ሜትር አሳለፈችው። ዝናቡን በአሸንዳ ወደ ትልቅ ገንዳ መለሰችው፣ ልጆቹ እጅ እንዲታጠቡበት፣ ችግኝ እንዲያጠጡበት። ጥግ ላይ የነበረ አሮጌ ዛፍ ላለመቁረጥ ብላ አራተኛውን ክፍል ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ሳበችው። «አንድ ዛፍ ስንት ማራገቢያ እንደሚያህል ያውቃሉ ጋሼ?» አለችኝ። አላወቅኩም፤ እንደሚያውቅ ሰው ግን ራሴን ነቀነቅኩ።

በየክፍሉ ግርጌና ራስጌ ክፍት ቀዳዳ አስተወችን። ቀዝቃዛው አየር በታች ይገባል፣ የሞቀው በላይ ይወጣል አለች። ከቆርቆሮው ሥር ጭድ ሞልተን ከሥሩ የሸምበቆ ምንጣፍ ዘረጋንበት። የኋላውን ግድግዳ ደግሞ በቀዳዳ ብሎኬት አስገነባችኝ፣ ቀዳዳው ሁሉ ወደ ልጆቹ የዞረ። ወንፊት የመሰለ ግድግዳ በሕይወቴ ገንብቼ አላውቅም። «ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል?» ብላት «ጩኸት ይውጣል» አለችኝ። እኔ ግድግዳ ሲውጥ አይቼ አላውቅምና በልቤ «ይቺ ልጅ ትምህርት በዝቶባታል» አልኩ።

ሆኖም አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ውጪው እሳት በሚተፋበት ሰዓት፣ ሳላስበው ግድግዳውን ብደገፍ ጀርባዬ ቀዘቀዘ። መዳፌን አስጠጋሁ፤ ቀዝቃዛ ነው። ማራገቢያ የለ፣ መብራት የለ፣ ክፍሉ በብርሃን ሞልቷል። ያኔ የሰው ሚስት ሲያይ እንደተያዘ ሰው ቶሎ ዞር አልኩ። ጋሽ ሲሚንቶ ጭቃ ወደደ ሲባል መስማት አልፈለግኩም።

ሥራው ሊያልቅ ሲቃረብ ኢንጂነሯ ለሌላ ሥራ ሦስት ሳምንት ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። ስትሄድ የቀረውን አስረዳችኝ፦ ግድግዳው በስሱ በአፈር ይመረግ፣ ቀዳዳዎቹ እንዳይነኩ። በዚያው ሰሞን ርዕሰ መምህሩ አራተኛው ክፍል የሚስቴ እንደሆነ ነገሩኝ።

ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ለሰው ቤት ስሠራ ኖሬ ለሚስቴ አንድ ግድግዳ አልገነባሁላትም። አሁን የእሷ ክፍል በእጄ ገብቷል። እና በጭቃ ልመርግላት? ሰው ምን ይለኛል? እሷስ ምን ትለኛለች? ሠራተኞቹን ወደ ሦስቱ ክፍሎች ላክሁና አራተኛውን ብቻዬን ያዝኩት። ከመሠረቱ የተረፈውን ሲሚንቶ አቡክቼ አራቱንም ግድግዳ ለሰንኩ፤ ያንን ወንፊትም ደፈንኩት። ልስኑን እንደ መስታወት አለሰለስኩትና ነጭ ዘይት ቀለም ቀባሁት። ሸምበቆው የድሃ ቤት መሰለኝ፣ በሚያብረቀርቅ ችፑድ ሸፈንኩት። ወፍ እንዳይገባባት የላይኛዎቹን ቀዳዳዎች በመስታወት ዘጋሁላት፤ ትቢያ እንዳያስነጥሳት የታችኞቹን በሲሚንቶ። ወለሉን ሊሾ አደረግኩት። ሳበቃ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት፤ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ቅንድብ ላሳምር ብሎ ዓይን ማጥፋት ማለት ይሄ እንደሆነ ማን ይንገረኝ?

ሚስቴን ወስጄ አሳየኋት። ዞራ ዞራ አየችው። ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰች፣ ኮርኒሱን አንጋጣ ተመለከተች፣ ከዚያ ፊቴን ረዘም አድርጋ አየችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ደስታ ነው ብዬ ቤቴ እስክገባ እያፏጨሁ ሄድኩ።

ትምህርት ተከፈተ። ሰኞ ጠዋት የበር ማጠፊያ የማጠብቅ መስዬ በአራቱ ክፍሎች መካከል ተመላለስኩ። ከሦስቱ ክፍሎች የሚሰማ ነገር የለም፤ ልጆቹ አልመጡ ይሆን ብዬ በመስኮት አይቻለሁ። የሚስቴ ክፍል ግን ይደምቃል። አንድ ቃል ስትናገር ቃሉ ግድግዳውን ዞሮ፣ ኮርኒሱን ነክቶ፣ ሦስት ሆኖ ይመለሳል። አንድ ልጅ ሲስል አሥር ልጅ የሳለ ይመስላል። «አዳራሽ ሠራሁላት» ብዬ ኮራሁ። እውነቴን ነው፣ ኮራሁ።

ማታ «ክፍሉ እንዴት ነው?» አልኳት። አውራ ጣቷን አሳየችኝ። ማክሰኞም ጠየቅኳት፣ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። ረቡዕ ሙቅ ውሃ እየተጎነጨች አሳየችኝ። ሐሙስ ስትመጣ ፊቷ በሙቀት ቀልቶ፣ የሸሚዟ ጀርባ በላብ ረጥቦ፣ ለእራት እንኳ ሳታጨበጭብ ተኛች። እኔም «እንግዲህ ጅማሬ ነው፣ ይለመዳል» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የራሱን ጥፋት ለማየት የሰው ልጅ ምን ያህል ዓይነ ስውር እንደሆነ ከእኔ ወዲያ ምስክር አያሻም።

ዓርብ ኢንጂነሯ ተመለሰች። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ዞረች። አራተኛው ጋ ስትደርስ በሩ ላይ ቆማ ግድግዳዎቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ወደ መሐል ገባችና አንድ ጊዜ አጨበጨበች። ክፍሉ መልሶ አጨበጨበላት።

«ማን ነው ይሄን የሠራው?» አለች።

«እኔ» አልኳት። «ለባለቤቴ ብዬ።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። እዚህ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጡልኝ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። እሷ ሰሌዳው ጋ ሄዳ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ በተራ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረች። ድምፅ መጣ፣ ቃል ግን አልመጣም። አንዱ ቃል በሌላው ላይ ተደራርቦ ጆሮዬ ውስጥ ገንፎ ሆነ። ላቤ በአንገቴ ወረደ። ከዚያ ሦስተኛው ክፍል ወስዳ እንደዚያው የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና ሰሌዳው ጋ ቆመች።

«ጋሼ፣ ጫማዎ ክሩ ተፈቷል» አለች፣ በሹክሹክታ።

ዝቅ ብዬ አየሁ። ተፈቷል። የሰማሁት አጠገቤ ሆና የነገረችኝ ያህል ነው።

እዚያው ወንበር ላይ ቀረሁ። ደንቆሮ የሆነ ጆሮዬ ገና ያኔ ተከፈተ። ከአራት ክፍል ሦስቱን ለማንም ብዬ ደህና አድርጌ ሠራሁ፤ የምወዳት ሴት የምትገባበትን አንዱን በገዛ እጄ እቶን አደረግኩት። ተቆጣጣሪው የሚመጣው ሰኞ ነው።

ቤት ስገባ ሚስቴ የልጆች ደብተር እያረመች ነበር። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና «ክፍሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኳት። እርሳሷን አስቀመጠች።

«አውቃለሁ» አለች፣ ከትንፋሽ ትንሽ ከፍ ባለ ድምፅ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ሦስት ቀን ሙሉ አውራ ጣትሽን ስታሳዪኝ?»

«ስታሳየኝ ፊትህን አላየኸውም» አለች። ድምጿ እዚያ ላይ አለቀ። ደብተር ገልጣ የቀረውን ጻፈችው፦ «ይልቅ ነገ በጠዋት ተነስ።»

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ መሮና መዶሻ ይዤ ገባሁ። የገዛ ልስንን ማፍረስ እንዴት እንደሚያምም የሚያውቅ ግንበኛ ብቻ ነው። ያውም በደንብ የተለሰነ ነው፣ እንቢ ይላል። ሁለት ሰዓት ያህል ብቻዬን ስቀጠቅጥ ቆየሁ። ከዚያ ኮቴ ሰማሁ። ሚስቴ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ከኋላዋ ኢንጂነሯ፣ ከእነሱ ኋላ ርዕሰ መምህሩ መጥረጊያ ይዘው፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ የክፍሉ ልጆች ግማሽ ያህሉ። ማን እንደነገራቸው እስካሁን አላውቅም። መቼም ሚስቴ አይደለችም፣ ድምፅ የላትም።

ችፑዱን አወረድን፣ ሸምበቆው ብቅ አለ። መስታወቱን ነቀልን፣ የታችኞቹን ከፈትን፤ ክፍሉ በታች አየር ስቦ በላይ ሲያወጣ ያ ሁሉ ሰው እኩል ተነፈሰ። ልጆቹ በየተራ ቀጭን ብረት ይዘው የኋላውን ግድግዳ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ጠረጉ። «የእኔ አርባ ሆነ»፣ «የእኔ አርባ ሦስት» እየተባባሉ ይወዳደራሉ። እሁድ ደግሞ የተቆሳሰለውን ግድግዳ በስሱ መመረግ ነበረብን። ጭቃው መቦካት አለበት፤ የሚያቦካ ሰው ግን የለም። ኢንጂነሯ መጠኑን ታውቃለች እንጂ እግሯን አስገብታ አታውቅም። ሠራተኞቹ ዕረፍት ላይ ናቸው።

ሁሉም ሰው ሲተያይ ሱሪዬን ጠቀለልኩና ገባሁበት። አርባ ዓመት ያልነካሁት ነገር ነው። እግሬ ግን አልረሳም፤ የቱ ጋ ውሃ እንዳነሰው፣ የቱ ጋ ጭድ እንደጎደለው ተረከዜ ነገረኝ። እየረገጥኩ ሳላውቀው አባቴ የሚያንጎራጉራትን ዜማ ጀመርኩ። ደስ አለኝ። ከሲሚንቶ ጋር ስኖር አንድም ቀን ዘፍኜ አላውቅም፤ አቧራው አፍ አያስከፍትማ። ልጆቹ እየተሳሳቁ አንድ በአንድ ጫማቸውን አወለቁና ተከተሉኝ። ከመካከላቸው አንዱ «ጋሽ ሲሚንቶ፣ ካሁን በኋላ ጋሽ ጭቃ እንበልዎት?» ቢለኝ ሚስቴ ድምፅ በሌለው ሳቅ ሆዷን ይዛ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ነው የምጠራው።

ሰኞ ተቆጣጣሪው መጡ። ባለ ወፍራም መነጽር፣ ረጅም፣ ከአፋቸው ቃል የማይወጣ ሰው ናቸው። የኋላው ወንበር ላይ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ከዴስኩ በላይ ቀረ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጅ፣ ባለፈው ዓመት በአሮጌው ክፍል እንቅልፏ ስለሚበዛ መምህራኑ «እንቅልፋሟ» ያሏት ናት። እኔ ከመስኮቱ ውጪ፣ ምንም የማያስፈልገውን መዝጊያ በብሩሽ እየጠረግኩ ነበር።

ሚስቴ ጀመረች። ሁለት ቀን ቃል ሳትናገር ያጠራቀመችውን ድምፅ ይዛ፣ ሻይ እየጠጣች እንደምታጫውት ሰው። ስለ ዛፍ ነበር ትምህርቱ። ውሃ በየት እንደሚጠጣ ጠየቀች። ስልሳ ሁለቱም ልጆች ሲመልሱ ድምፃቸው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ ለካ ግድግዳ ይውጣል።

ከዚያ ሰማዩ ጠቆረ። መጥረጉን አቆምኩ። የመጀመሪያው ጠብታ ሲወድቅ ልጆቹ ሁሉ፣ ከሌሎቹ መምህራን እንደለመዱት፣ አንገታቸውን ደፍተው እርሳሳቸውን አነሱ። ማንም አላዘዛቸውም። መጮህ የተከለከለችው የሚስቴም እጅ ሳታስበው ወደ ጠመኔው ሄደ። ተቆጣጣሪው የግምገማ ቅጻቸውን ገለጡ፤ የዝናብን ደንብ እሳቸውም ያውቁታል። እኔ ውጪ ቆሜ ውሃው በአሸንዳው ሲንዶቀዶቅ፣ በትከሻዬ ላይ ሲወርድ አላስተዋልኩትም። የማየው እጇን ብቻ ነው።

ሚስቴ ጠመኔውን ይዛ ትንሽ ቆመች። አዳመጠች። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው።

«የት ደርሰን ነበር?» አለች፣ በዚያው ድምፅ።

አንድ ራስ ቀና አለ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ረድፍ በረድፍ። ዝናቡ ከጭዱ በላይ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል፣ ግን ከሩቅ ነው፣ የሌላ ሰው ጣሪያ ላይ እንደሚዘንብ። ከኋላው ወንበር አንዲት ቀጭን እጅ ወጣች። እንቅልፋሟ ናት።

«ቲቸር፣ ውሃውን በሥሩ ከጠጣው፣ እላይ ቅጠሉ ጋ የሚያወጣለት ማን ነው?»

ሚስቴ ወደ እሷ ዞረች። ከዚያች ልጅ ጥያቄ ሲወጣ የመጀመሪያ ቀኑ ነው። በአሮጌው ክፍል የተኛችው እንቅልፋም ሆና አልነበረም፤ የምትሰማው ነገር አጥታ ነው።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች ሚስቴ። «ማን የሚገምት አለ?»

ተቆጣጣሪው እስክሪብቷቸውን ዘግተው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው ወደ ፊት አዘነበሉ። «ይህንንስ እኔም ባውቀው ደስ ይለኛል» አሉ። ልጆቹ ሳቁ። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ቅጹን መልሰው አልገለጡትም። ሲወጡ ርዕሰ መምህሩን በረንዳው ላይ አስቁመው «ግምጃ ቤቱን ለሌላ ሰው ይስጡት» ብለዋቸው ሄዱ። እኔን ደግሞ ከላይ እስከ ታች አይተው «ሰውዬ፣ ዝናብ ላይ ነህ እኮ» አሉኝ።

በዚያን ቀን ቤት የገባሁት ቀድሜያት ነው። ልብሴን ቀይሬ ተቀምጬ የጣቷን ቋንቋ ልተረጉም ተዘጋጀሁ። በሩ ሲከፈት ግን፣ ሳትጮህ በመዋሏ ድምጿ ተርፏት፣ እግሯ ከመግባቱ በፊት ወሬዋ ገባ። ስለ ልጅቷ ነገረችኝ፣ ስለ ተቆጣጣሪው ጉልበት ነገረችኝ፣ ኢንጂነሯ አሮጌዎቹን ክፍሎችም በሸምበቆና በጭድ እናልብሳቸው ማለቷን ነገረችኝ። እራት ቀርቦ ነገረችኝ። እራት ቀዝቅዞ ነገረችኝ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰች። የዛሬ አራት ዓመት እናቷ ቤት የተናገርኩትን ነገር አነሳች። የዛሬ ሰባት ዓመት እሠራዋለሁ ብዬ ያልሠራሁትን ቁም ሣጥን አነሳች። ጠረጴዛ ቆርቆር ያደረገችበትን ቀን ሁሉ ከነምክንያቱ ዘረዘረችው፤ ከግማሽ በላዩን ተሳስቼ ነበር የገመትኩት። ላብራራ ብዬ አፌን ስከፍት «ቆይ፣ አልጨረስኩም» ትላለች። ልናገር አልቻልኩም። ደስ አለኝ።

ድንገት እጇን ዘርግታ ጥፍሬ ሥር የቀረውን ጭቃ በአውራ ጣቷ ፈተገችው።

«ያን ነጭ ክፍል ስታሳየኝ ልነግርህ የፈለግኩት ነገር ነበር» አለች። «ድምፅ አልነበረኝም እንጂ። ልጅ ያንቀላፋበታል፣ ይሞቃል፣ ይጮሃል፣ ይሄን ገና ስገባ ነው ያወቅኩት። ግን እንደዚያን ቀን ተወድጄ አላውቅም።»

እጄን እጇ ላይ ደረብኩ። በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ናት፣ ከአሥር ዓመት ወዲህ ከግድግዳ ወዲያ የምትኖር። አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ ለማየት ሞከረች።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ስሰማ ጊዜ ነው» አለችኝ። «እንግዳ መጥቶባችሁ ነው? የማላውቀው የሴት ድምፅ ሰማሁ።»

«እንግዳ አይደለችም» አልኳት። «ሚስቴ ናት።»